ዳንቴል የለበሰው ሳጥን

በሥራ ዘመኔ ከፈረምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ በገዛ እጄ ቀዳድጄ የጣልኩት አንዱን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ውሸት አልተጻፈም። የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ቴስተሬ፣ ያሳየኝን ነው የጻፍኩት፤ አንድ ቁጥር አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሆኖም በዚያ ወረቀት የተነሣ አንዲት እናት ከሰው ተራ ሊወጡ ለጥቂት ነው የተረፉት። ይህን ያህል ዓመት ዝም ያልኩት ስለማፍርበት ነው። አሁንም አፍርበታለሁ፤ ቢሆንም ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መቱ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የወፍጮ ሞተር፣ የቡና መፈልፈያ፣ የሆቴል ፍሪጅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እጠግናለሁ። ስሜ ወንድወሰን ነው፤ ሰው ወንዴ ይለኛል። እጄ ጥሩ ነበር፤ አፌ ግን መጥፎ። ሰው ስለ ጋኔን ወይም ስለ ቡዳ ሲያወራ ከሰማሁ «ስንት ቮልት ነው?» እያልኩ አሾፋለሁ። በቴስተር የማይታይ ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። እናቴ ልጅ ሳለሁ «ሸክላ ሠሪ ቤት እንዳትቀምስ» ትለኝ ነበር፤ ለምን ብዬ ስጠይቃት «ዝም ብለህ እሺ በል» ትለኛለች። እሱ ነገር ከውስጤ የወጣ መስሎኝ ነበር።

ቡሬ ከመቱ በስተምዕራብ፣ ጎሬን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። እዚያ የውሃ ማጣሪያ ሸክላ የሚሠራ አንድ ማኅበር ነበር። ማጣሪያው ባልዲ የሚያህል ሸክላ ነው፤ ውሃ ሲሞላበት በገላው በኩል ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፣ ቆሻሻው ውስጥ ይቀራል። ግን በልኩ መተኮስ አለበት። ከልኩ በላይ ከጋለ ይጣመማል፣ ገላው ይደፈናል፣ ውሃ አያሳልፍም። ለዚህ ሲሉ በእንጨት መተኮሱን ትተው የኤሌክትሪክ ምድጃ አስመጡ። የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ፤ ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳይጠና።

ምድጃው ቁም ሣጥን ያክላል። አጠገቡ ግድግዳው ላይ የመቆጣጠሪያ ሳጥን አለ፤ በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሪሌ የሚባል የመዳፍ ግማሽ የማይሞላ ዕቃ። ሪሌውን በር ጠባቂ በሉት። መቆጣጠሪያው «አሳልፍ» ሲለው ኤሌክትሪኩን ወደ ምድጃው ያሳልፋል፤ «በቃ» ሲለው ይዘጋል። ታዲያ ይህ በር ጠባቂ ሥራ ላይ ሲሆን ይሞቃል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ይታሰርለታል፤ ከሳጥኑ ሥር ቀዝቃዛ አየር የምታስገባ ትንሽ ማራገቢያ፣ ከላይ ደግሞ ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይበጅለታል። ይህን ሁሉ አበጅቼ ነበር። ለምን እንደተበጀ ግን ለማንም አልነገርኩም፤ ማን ይገባዋል ብዬ።

ሐምሌ ላይ ስልክ መጣልኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ አስናቀች ናቸው፤ ቆፍጣና፣ ነገር የማይወዱ፣ ማኅበሩን በትከሻቸው የተሸከሙ ሴት።

«ኢንጂነር፣ ምድጃው ታሞብናል።»

ኢንጂነር አይደለሁም፤ ግን ካቻቪቴ የያዘ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው።

«ምን ሆነ?»

«ከጠፋ በኋላ ይግላል።»

«ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናላ።»

«ጠፍቷል እያልኩዎት! መቆጣጠሪያው አለቀ ብሎ ጽፎ እያየነው፣ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም። በአንድ ሰው ተራ ብቻ ነው።»

ማክሰኞ ቡሬ ገባሁ። ጉሙ ከዛፎቹ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተኝቷል፤ ቀን ነው፣ ግን አምፖል ካልበራ ሰው አይለይም። ምድጃውን የሚተኩሱት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሰኞ ሰኞ ጋሼ ይማም፣ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚያው ያረጁ ረጋ ያሉ ሰው። ዓርብ ዓርብ እትዬ ድንቂቱ። ሌሎቹ የማኅበሩ አባላት ሸክላ የተማሩት በሥልጠና ነው፤ ከእናት ከአያታቸው ጀምሮ ሸክላ ሠሪ የሆኑት እትዬ ድንቂቱ ብቻ ናቸው። ቤታቸውም እዚያው ማኅበሩ ግቢ ጥግ ላይ ናት። ክረምቱ ከገባ አራት ዓርብ ተኩሰዋል፣ አራቱንም ዓርብ ሸክላው ተጣሟል። በጋሼ ይማም ሰኞ አንድም ቀን አልተበላሸም።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ እትዬ ድንቂቱ፣ ልጄ እንደምን ነህ ማለታቸው ነው። ቀጫጫ፣ እጃቸው ረጃጅም፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሴት ናቸው። ምድጃው ቤት ተጠራርጎ፣ ሳጥኑ ተወልውሎ ጠበቀኝ። ጥግ ላይ አንድ ቅርጫት ተቀምጧል፤ ውስጡ ነጭ ነገር ታጥፏል። ነጠላቸው መሰለኝ።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ሪሌውን፣ ማራገቢያውን፣ ሽቦውን፣ አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም ደህና ነው።

«እትዬ ድንቂቱ፣ ጋሼ ይማም የማያደርጉት እርስዎ የሚያደርጉት ነገር አለ?»

«ምንም የለም። አንተ እንዳልከኝ ነው የማደርገው።»

እኔ ያልኩትን አላስታወስኩም፤ አልጠየቅኋቸውምም። ትንሽ ቆይተው ትኩስ ጎደሬ በሳህን ይዘው መጡ። «ቅመስ፣ ከመንገድ ነው የመጣኸው።» «በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። እሳቸውም አልጎተጎቱኝም፤ ሳህኑን ይዘው ተመለሱ። እንዲህ ያለ መልስ የለመዱ መሆናቸው ያስታውቃል።

ያን ጊዜ አንዲት ወጣት ሕፃን አዝላ በደጃፉ አለፈች። እትዬ ድንቂቱ ቶሎ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስክታልፍ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

ጋሼ ይማምን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። «ልጅቷ ማን ናት?»

«የድንቂቱ ልጅ ናት። ከወለደች ወር አልፏታል። ልጁን አይተውት አያውቁ።»

«ለምን?»

«ዓይኔ ቢጎዳውስ ይላሉ። ሰው ሲያወራ ሲያወራ ጊዜ እሳቸውም ፈሩ።»

ረቡዕ ምድጃውን እኔ ራሴ ተኮስኩ። የሳጥኑን በር ከፍቼ፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። እትዬ ድንቂቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መቆጣጠሪያው አለቀ ብሎ ጻፈ፤ ሙቀቱም እንደ ደንቡ መውረድ ጀመረ። ሐሙስ ሸክላው ሲወጣ አንድም እንከን አልነበረበትም። ያን ቀን ነው ወረቀቱን የጻፍኩት፦ ምድጃውና መቆጣጠሪያው ሙሉ በሙሉ ጤነኛ መሆናቸውን ለክቼ አረጋግጫለሁ። ከሥሩ ፈረምኩበት።

እትዬ አስናቀች ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እንግዲህ ከማሽኑ ካልሆነ ከሰው ነው።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«መቼ አሉ? ወረቀቱ ነው ያለው።» አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ነገ በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ጠርቻለሁ። ከማኅበሩም ከግቢውም ትወጣለች። ክፉ ሰው አይደለሁም ኢንጂነር፤ ሥራችን ገደል ገባ። ሰው ማጣሪያችንን መግዛት ፈራ። ከፈለጉ ነገ ተራዋ ነው፤ ብቻዋን ትተኩስ፤ እርስዎ ከመጋዘኑ ሆነው ሳታይዎት ይመልከቱ። እውነቱን በዓይንዎ ያያሉ።»

ከዚህ ግቢ በዚህ ስም ከወጡ ቡሬ ውስጥ ማን ጎረቤት ያደርጋቸዋል? ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ እሺ አልኩ። እንዲያውም ጓጉቼ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለእትዬ ድንቂቱ «ኢንጂነሩ ወደ መቱ ተመለሰ» ተብሎ ተነገራቸው። እኔ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። በመጋዘኑና በምድጃው ቤት መካከል የእጅ ስፋት ያህል ክፍተት ያላት መስኮት አለች። የምድጃው ዋና ማጥፊያም እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሽቦውን አቅፎ የሚለካ መለኪያዬን ገመዱ ላይ አሰርኩት። ኤሌክትሪክ ካለፈ ቁጥር ያሳየኛል፤ ካላለፈ ዜሮ። ሰው ሊዋሸኝ ይችላል፤ እሱ አይዋሸኝም አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከመቆጣጠሪያው ቀይ ቁጥርና ከምድጃው ቀዳዳ ከሚወጣው ብርሃን በቀር ምድጃው ቤት ጨለማ ነው። እትዬ ድንቂቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሸክላውን ደረደሩ፣ በሩን ዘጉ፣ አስነሡት፣ አማተቡ። ከዚያ ወደ ቅርጫቱ ሄዱና ነጩን ነገር አወጡ።

ነጠላ አልነበረም፤ ዳንቴል ነው። ሁለት ጊዜ አራገፉት፤ ከፍ አድርገው ግድግዳው ላይ ላለው ሳጥን አለበሱት። ከሥሩ በክር አሰሩት። ጥግ ጥጉን እየነካኩ ወደ ውስጥ ከተቱ፣ ሕፃን ብርድ እንዳይገባው እንደሚደረገው። መካከል ላይ ክብ ቀዳዳ አለችው፤ በቀዳዳዋ በኩል ቀዩ ብርሃን ያያል። ከዚያ ሴትዮዋ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉት ጀመር፤ በኦሮምኛም ዝቅ ባለ ድምፅ «ራፊ፣ ራፊ» ይሉታል። ተኛ፣ ተኛ ማለት ነው።

አንባብያን ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ለምን ሳጥኑን ሸፈኑት ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት ግን እናቴን ነው። ግድግዳ ላይ አንድ ዓይን ያለው ነጭ ነገር እሹሩሩ የሚሉ ሴት እያየሁ ቆምኩ።

ሰዓቱ አልሄድ አለ። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። አልፎ አልፎ ይነሡና ነጩን ነገር አስተካክለው ይመለሳሉ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መቆጣጠሪያው ጮኸ፤ አለቀ ማለቱ ነው። መለኪያዬን አየሁት። ዜሮ መሆን ነበረበት።

አርባ ይላል።

ነካሁት፣ አናወጥኩት። አርባ። ማንም አሳልፍ ሳይለው ኤሌክትሪኩ ወደ ምድጃው ይሄዳል። በመስኮቷ ሳይ ቀዩ ቁጥር ዳንቴሉ ውስጥ ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። ምድጃው ዝቅ ያለ እምም የሚል ድምፅ አለው፤ ድምፁ አልቆመም። እትዬ ድንቂቱ ብድግ አሉ። ቁጥሩን አዩት፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ዞረው እኔ ወዳለሁባት መስኮት ቀጥ ብለው ተመለከቱ። እኔን እንደማያዩኝ አውቃለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ነኝ። በኦሮምኛ ተናገሩ፣ ቃል በቃል ሰምቻቸዋለሁ፦ «ዛሬን እንኳ ተወኝ። ምናለ ዛሬን ብቻ ብትተወኝ።»

ለእኔ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ለውስጣቸው ነበር የሚሉት፤ እዚያ አለ ብለው ላመኑት ነገር።

ምን ያህል ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ማጥፊያው እጄ ሥር ነበር፤ አልነካሁትም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። መጨረሻ ላይ እጄ ራሱ የሄደ ይመስል ጎትቼ አጠፋሁት። እምምታው ተቆረጠ፤ ቀዩ ዓይንም ጠፋ። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

እትዬ ድንቂቱ እንዳዩኝ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። አልጮኹም፣ አልሸሹም። እያለቀሱ ፈጥነው የሳጥኑን ልብስ መፍታት ጀመሩ። እንግዳ ሲመጣ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል እንደሚያነሡ እናቶች። አንሥተው፣ አራት ቦታ አጥፈው ወደ ቅርጫቱ ሊመልሱት ሲሉ እጃቸው ላይ ያዝኩት።

ትኩስ ነበር። ትኩሳት የያዘው ልጅ ገላ ይመስላል።

ልብሱን ገለበጥኩት። ላዩ ዳንቴል ነው፤ ከሥሩ የብርድ ልብስ ቁራጭ፣ ከዚያ ሥር ላስቲክ፤ በደቃቃ ስፌት የተያያዘ፣ በሳጥኑ ልክ የተቆረጠ። መዳፌን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩና ጮኼ አነሣሁት። ማራገቢያዋ ቀኑን ሙሉ ያንኑ የጋለ አየር ስታዟዙር ውላለች። በር ጠባቂው ሙቀት ሲያሸንፈው በሩን መዝጋት ያቅተዋል፤ ዝጋ ቢባልም ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣል። እኔ በመጣሁ ቁጥር ልብሱ ተነሥቶ፣ ሳጥኑ ቀዝቅዞ፣ ሪሌው ጤነኛ ሆኖ ይጠብቀኛል።

«ይህን ማን አልብሱት አለዎት?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ደንገጥ ብለው አዩኝ። «አንተ ነህ እንጂ።»

«እኔ?»

«ሚያዝያ ላይ። ልትሄድ ስትል። ይማም ሰኞ ነው የሚሠራው፣ እርስዎ ግን ግቢው ውስጥ ስለሆኑ አደራ አልከኝ። ክረምት ሲገባ ይህ ሳጥን እርጥበት እንዳይነካው፣ እንደ ሕፃን ይጠብቁት አልከኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንደ ሕፃን ነው የጠበቅሁት። ቆሻሻ እንዳይነካው እንኳ ቤቴ ወስጄ አጥቤ ነው የምመልሰው።»

ብያለሁ። አንድ እግሬ ሚኒባስ ላይ ሆኖ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋብኝ፣ አፌ እንዳመጣልኝ ብያለሁ። ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ።

ወደ ስብሰባው ስንሄድ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ነበርን። ግቢውን ለማቋረጥ የፈጀብኝ ጊዜ ጥቂት ነው፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ግን ሌላ ነገር አስቤ ነበር። «ሪሌው ከፋብሪካ ሲመጣ ችግር ነበረበት» ብል ማን ያውቅብኛል? የእኔም ስም ይተርፋል፣ እሳቸውም ያመልጣሉ። ግን ትናንት ጤነኛ ነው ብዬ የፈረምኩት ወረቀት ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ዛሬ ታመመ ብል «እሷ አሳመመችው» ይላሉ። እሳቸውን ሊያድናቸው የሚችለው የእኔ ጥፋት ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ወደ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። እትዬ ድንቂቱ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ልብሱን ከፍ አድርጌ አሳየሁና ነገርኳቸው፤ እንደ ሕፃን ጠብቁት ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ሳጥኑ መተንፈስ እንዳለበት ያልተናገርኩትም እኔ መሆኔን።

እትዬ አስናቀች አልተዋጠላቸውም። «ታዲያ በይማም ጊዜ ለምን አልሆነም?»

ጋሼ ይማም መለሱላቸው። «እኔ ምን አልብሰዋለሁ፣ ለራሴም ካፖርት የለኝ። ዳንቴሉን እሳቸው ይዘውት ነው የሚሄዱ።»

እትዬ አስናቀች ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ፤ ያዘኑልኝ ይመስላሉ። «ኢንጂነር፣ ትናንት ጤነኛ ነው ብለው ፈርመው ዛሬ ተገለበጡ። ምን አብልታዎት ነው?»

በሩ ላይ ያሉትን ሴት አየኋቸው፤ እሳቸውም እኔን።

«ጎደሬ ሰጥተውኝ ነበር» አልኩ። «አልበላሁም። ከእሳቸው እጅ ላለመብላት ነው በልቻለሁ ብዬ የዋሸሁት።»

ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አብዛኛው ሰው ያንኑ ውሸት አንድ ቀን ዋሽቶ ነበርና።

«ሰኞ እርስዎ ይተኩሱ» አልኳቸው እትዬ አስናቀችን። «በተበላሸው ሸክላ። ልብሱን በእጅዎ ያልብሱት። እትዬ ድንቂቱ ግቢው ውስጥ አይኑሩ። ምንም ካልሆነ ያላችሁትን አድርጉ።»

«እሺ» አሉ። «እስከዚያ ወረቀቱ እኔ ጋ ይቆያል።»

ሰኞም ዝናብ ነበር። እትዬ ድንቂቱ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ዋሉ። እትዬ አስናቀች ሳጥኑን አልብሰው፣ ክሩን አስረው፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔና ጋሼ ይማም ከማጥፊያው አጠገብ ቆመናል። እውነቱን ልናገር፣ ቁጥሩ ወርዶ ቢቀርስ ብዬ ፈርቼ ነበር። ይህን ሁሉ አውቄም እንኳ ከውስጤ አንድ ጥግ ያላመነ ነገር ነበር።

መቆጣጠሪያው ጮኸ። አለቀ አለ። ቁጥሩ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ መውጣት ጀመረ።

እትዬ አስናቀች ብድግ አሉ። ቁጥሩን አዩ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ገልብጠው አዩ፣ ልክ ዓርብ እትዬ ድንቂቱ እንዳደረጉት። «በስመ አብ! ኢንጂነር! ኢንጂነር! እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም!»

«ድንቂቱም ይኸንኑ ነበር የሚሉት» አሉ ጋሼ ይማም።

አጠፋሁት። እትዬ አስናቀች ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀቱን ሰጡኝ፤ ቀዳደድኩት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በዝናቡ ወጡ። ጃንጥላቸውን ረስተው ነበር።

እትዬ ድንቂቱ ተመልሰው ሲመጡ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሰው ሁሉ ይቅርታ ሲጠየቅ ምንም አይደለም ይላል፤ እሳቸው እንደዚያ አላሉም። እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሰው የሚለኝን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ለምጄዋለሁ። አንተ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህ ልጅ መሣሪያ ይዟል፣ እውነቱን ያወጣልኛል ብዬ። ደህና ነው ብለህ ስትፈርም ግን ራሴን የጠረጠርኩት እውነት መሰለኝ።»

ካቻቪቴዬን አንሥቼ ወደ ሳጥኑ ተመለስኩ።

ሪሌውን በትልቅ ቀየርኩት፤ ክንፉን ከሳጥኑ አወጣሁት፤ ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅሁት፤ ለእርጥበቱም ከላዩ የቆርቆሮ ጥላ ሠራሁለት። ከዚያ ሁለቱን ተኳሾችና እትዬ አስናቀችን አቁሜ፣ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተበጀ እጃቸውን አስነክቼ አስረዳሁ። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሚያዝያ ላይ ያልሰጠኋቸው ያችን አንድ ሰዓት ነው።

ከዚያ ወዲህ የት ብሄድ፣ ቴስተሬን ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «እኔ ስለመጣሁ ምን አነሣችሁ?» ሰዎች ይስቁብኛል። ግን ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይኖራል። የተጠረገ፣ የተነሣ፣ የተከፈተ፣ ለእንግዳ ተብሎ የተስተካከለ። እናንተም የምትፈርሙ ሰዎች ካላችሁ፣ ሐኪምም ሁኑ መምህር ወይም ዳኛ፣ ያያችሁት እናንተ ስትመጡ ያለውን መሆኑን አትርሱ። ስለ ቮልትም ማሾፍ ትቻለሁ። በዚያች መስኮት ጀርባ የፈራሁት እኔ ነኝና በማን ላይ ላሹፍ?

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ እትዬ ድንቂቱ ቤት ገብቼ ጎደሬ በላሁ። ሁለት ሳህን። ልጃቸው ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች፤ ወሬው ደርሷት ነበር መሰለኝ፣ አልሄደችም። እትዬ ድንቂቱ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ እንደዞሩ ሆነው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ እንዲህ አሉ፦

«ልየው?»

ሳህኔን አስቀመጥኩ። «ይዩት፣ እናቴ» አልኳቸው።

ዞሩ።